ቴሲሱን መደርደሪያ ላይ ጥሎ ተማሪውን መውቀስ፦ «ሁለተኛ ዲግሪ መደበቂያ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ሁለተኛ ዲግሪ ከሥራ አጥነት መደበቂያ ነው» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን በድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔም የደረሰኝ ከማማክራት ተማሪ ነው፤ ከሥሩ «መምህር፣ ልቀጥል ወይስ ልተወው?» የሚል አንድ መስመር ጨምራበታለች። ይህን ምላሽ የምጽፈው ጥያቄው የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሥራ ያጣ ሁሉ ማስተርስ ይመዘገባል፤ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ማስተማር እንጂ ሥራ ማስያዝ አይደለም፤ ሥራ የሚገኘው በዘመድ ስለሆነ የሙያ ምክርና ሥልጠና ጊዜ ማባከን ነው፤ ቴሲስ፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናቱ፣ በብር የሚገዛ ወረቀት ሆኗል፤ ራሱን ማሻሻል የፈለገ በኢንተርኔት ኮርስ ይውሰድ፤ የቻለ ደግሞ ከአገር ይውጣ።

ጸሐፊው ከመሬት ተነሥተው የጻፉት እንዳልሆነ አምናለሁ። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቋረጥ በጤናና በልማት ፕሮጀክቶች ይሠሩ የነበሩ፣ ብዙዎቹም ሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው ባለሙያዎች የውል ማቋረጫ ደብዳቤ እየተቀበሉ ወደ ቤት ሲሄዱ አይተናል። ድርጅት ገብቶ ጥሩ ደመወዝ ማግኘትን ግብ አድርጎ ለተማረ ሰው ያ ትልቅ ድንጋጤ ነበር። ቁጣው ይገባኛል፤ ከቁጣው የተነሣው መደምደሚያ ግን ስህተት ነው፤ ጉዳቱም በተማሪው ላይ ነው።

«መደበቂያ» ከሚለው ልጀምር። ጸሐፊው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስድስት ኪሎ ወይም ከክልል ዩኒቨርሲቲዎች ወደ አንዱ ጎራ ቢሉ የሚያገኙት ሌሊቱን ተረኛ ሆና አድራ በቀጥታ ክፍል የገባች ነርስ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ቅርንጫፍ ውስጥ የዋለ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ከወረዳ በሚኒባስ የመጣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። በዊክኤንድና በማታው መርሐ ግብር የሚማረው አብዛኛው ሰው ሥራ ያለው ሰው ነው፤ ከደመወዙ ቀንሶ እየከፈለ፣ ከልጆቹ ሰዓት እየቆረሰ ይማራል። «ሁሉ ይመዘገባል» የሚለውም ቢሆን ጊዜው አልፎበታል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ድኅረ ምረቃ ለመግባት አገር አቀፉን የመግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ፈተናውን ወድቆ በሚቀጥለው ዙር እንደገና የሚቀመጥ ሰው የሚደበቅበት ቦታ እየፈለገ ነው ብሎ መናገር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ዲግሪው ጥቅም የለውም የሚለውን ደግሞ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎች ራሳቸው ይመልሱታል። «ሁለተኛ ዲግሪና 2 ዓመት ወይም የመጀመሪያ ዲግሪና 4 ዓመት የሥራ ልምድ ያለው/ያላት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያላነበበ ሥራ ፈላጊ የለም። ቁጥሩ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይለያያል፤ ስሌቱ ግን ያው ነው፤ ማስተርሱ በጥቂት ዓመታት ልምድ ይቆጠራል። በዩኒቨርሲቲ መምህርነት ደግሞ ለሌክቸረርነት ማዕረግ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ለረዳት ፕሮፌሰርነት ሦስተኛ ዲግሪ መደበኛው መንገድ ነው። ስለዚህ ዲግሪው ዋጋ አለው። ችግሩ ያለው በዚያው ማስታወቂያ ላይ በተጻፈው ቀሪ «2 ዓመት» ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ማስተርስ የገባ ወጣት ያን ልምድ ከየት ያምጣ? ጸሐፊው ሊጠይቁት ይገባ የነበረው ይህንን ነው፤ እርሳቸው ግን ዲግሪውን ወደ መናቅ ሄዱ።

ሁለተኛው ነጥባቸው፣ ማለትም «ዩኒቨርሲቲ ያስተምር፣ ሥራውን ተማሪው ራሱ ይፈልግ» የሚለው፣ ከሁሉም የከፋው ነው። ብዙ የምለውም በዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህን ሐሳብ ከተዉት ቆይተዋል። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ወጥቶ ኢንተርንሺፕ ይሠራል፤ የሕግ ተማሪ ፍርድ ቤትና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ኤክስተርንሺፕ ይወጣል፤ የሕክምና ተማሪማ ትምህርቱ ራሱ በሆስፒታል ነው። በብዙ ግቢዎች የተከፈቱት የሙያ ማዕከላት፣ እንደ ደረጃ ያሉ ለአዲስ ተመራቂዎች የሥራ ዝግጅት ሥልጠና የሚሰጡ መርሐ ግብሮችም በዋናነት የሚያዩት የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂውን ነው። የማስተርስ ተማሪው ጋ ስንደርስ ይህ ሁሉ ይቆማል። ሕክምናንና ጥቂት ሙያዎችን ትተን በአብዛኛው የትምህርት ክፍል ያለው አካሄድ አንድ ዓመት ኮርስ፣ አንድ ዓመት ቴሲስ፣ ከዚያ ዲፌንስ (ቴሲሱን በፈታኞች ፊት ቆሞ መከላከል)፣ ከዚያ ጥቁር ካባ ነው። የሙያ ዝግጅት የሚባል ነገር ካለ በምረቃው ሰሞን አዳራሽ ውስጥ የሚሰጥ የግማሽ ቀን የሲቪ አጻጻፍ ሥልጠና ነው። ያ ደግሞ ዘግይቷል፤ ተማሪው ሲቪው ላይ የሚጽፈውን ነገር ሁለቱን ዓመት ሙሉ ሲሠራ መቆየት ነበረበት።

በአንድ መሥሪያ ቤት የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁ። የምንፈልገው የገጠር ብድር መረጃ የሚተነትን ሰው ነበር። ከአመልካቾቹ አንዱ በኢኮኖሚክስ ማስተርስ ያለው ወጣት ነው። ሲቪው ስድስት ገጽ ነው፤ ፎቶግራፍ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ሃይማኖት፣ ቀበሌ፣ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የተማረባቸው ትምህርት ቤቶች፣ የተሳተፈባቸው ስብሰባዎች ሁሉ አሉበት። ቴሲሱ አምስተኛው ገጽ ላይ በአንድ መስመር፣ ርዕሱ ብቻ ተጽፏል። «ልምድ» በሚለው ቦታ ላይ «የለም» ይላል። ቃለ መጠይቁም እየቀዘቀዘ ሄዶ ሊያልቅ ሲል ከኮሚቴው አንዷ «ለመሆኑ ቴሲስህን ስትሠራ መረጃውን ከየት አገኘኸው?» አለችው። ልጁ ቀና አለ። ሁለት ወረዳ ውስጥ ከብድርና ቁጠባ ማኅበራት መዝገብ እየገለበጠ መረጃ ሰብስቧል፤ በእጅ የተጻፈውን ወደ ኤክሴል አስገብቷል፤ የተደጋገመውን ለይቶ አጽድቷል፤ ስታታ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ተንትኗል፤ ብድር የማይመልሱት ድሆቹ ሳይሆኑ ብድሩ ከዘር ወቅት በኋላ ዘግይቶ የደረሳቸው ገበሬዎች መሆናቸውን ደርሶበታል። እኛ የምንፈልገው ሥራ ይኸው ነበር፤ እሱ አንድ ዓመት ሙሉ ሠርቶታል፤ ሲቪው ላይ ግን «የለም» ብሏል። ለምን ቢባል፣ የሠራው ነገር ልምድ መሆኑን የነገረው ሰው የለም፤ አማካሪውም፣ ትምህርት ክፍሉም አልነገሩትም። እንደ እሱ ሆነው ያ የመጨረሻ ጥያቄ ሳይመጣላቸው ከክፍሉ የሚወጡት ስንቶች ናቸው?

የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሥራ ልምድ የሚያገኘው በቴሲሱ ነው፤ እንዲያ ሆኖ እንዲሠራ ማድረግ ደግሞ የትምህርት ክፍሉ ሥራ ነው። ተማሪውን ሥራ ማስያዝ አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ተማሪው የሚሠራውን ምርምር ከሚፈልገው ተቋም ጋር ማገናኘት ነው።

አሁን ያለውን አሠራር አስቡት። ተማሪው ፕሮፖዛሉ ከጸደቀ በኋላ ከትምህርት ክፍሉ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል የትብብር ደብዳቤ ማኅተም ተደርጎበት ይሰጠዋል። ደብዳቤውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። መዝገብ ቤት ያስገባል፤ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ሰኞ ተመለስ» ይባላል፤ ሰኞ ሲመለስ ደብዳቤው ወደ ሌላ ዳይሬክቶሬት ተመርቷል። መረጃ የሚሰጠው ሠራተኛ ደግሞ ተማሪው ለምን እንደሚፈልገው አያውቅም፤ የጥናቱን ውጤትም አይቶት አያውቅም። ከዚህ ተማሪ በፊት የመጡት ሁሉ መረጃውን ወስደው ጠፍተዋልና። ስለዚህ ቢሰላች አይፈረድበትም። ወራት በዚህ ያልቃሉ፤ በመጨረሻም ተማሪው መቶ መጠይቅ በትኖ፣ በኤስፒኤስኤስ ሶፍትዌር ሠንጠረዥ አውጥቶ፣ ዲፌንስ አድርጎ ይወጣል።

ነገሩ ሲገለበጥ ምን እንደሚመስል ማሰብ ከባድ አይደለም። ትምህርት ክፍሉ በዓመቱ መጀመሪያ ከጥቂት መሥሪያ ቤቶች ጋር ተቀምጦ «ያላችሁት፣ ጊዜ አጥታችሁ ያልመለሳችሁት ጥያቄ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት የሚባክነውን ውኃ በተመለከተ ጥያቄ አያጣም። ባንክ ጥያቄ አያጣም፤ ሆስፒታልም አያጣም። ተማሪው ከእነዚያ ጥያቄዎች አንዱን ይዞ፣ በሳምንት የተወሰነ ቀን እዚያው ወንበር ተሰጥቶት ይሥራ። ሲጨርስ ከቴሲሱ ጋር በሥራ ቋንቋቸው የተጻፈ ባለ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ለመሥሪያ ቤቱ ያስረክብ፤ ቆሞም ያስረዳ። መሥሪያ ቤቱም ያን ጊዜ የሠራውን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፍለት። ሲመረቅ «ልምድ» የሚለው ቦታ ባዶ አይሆንም፤ ስሙን፣ ሥራውን፣ ጠባዩን የሚያውቅ መሥሪያ ቤትም አለው። የዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ትስስር የሚባል ጽሕፈት ቤት በብዙ ግቢዎች አለ። ለዚህ ሥራ አዲስ መዋቅር አያስፈልግም።

ሦስተኛው ነጥባቸው «ሥራ በዘመድ ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ሐሰት ነው ብዬም አልከራከርም። ያለ ወገን በር ያንኳኳ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም እናውቃለን። ግን ጸሐፊው ከዚህ እውነት ተነሥተው የሙያ ድጋፍ አያስፈልግም ወደሚል መድረሳቸው የሐሳቡን አቅጣጫ ያጣምመዋል። ሥራ በትውውቅ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድም የሚያውቀው ባለሥልጣን የሌለው፣ ከደብረ ታቦር ወይም ከአርባ ምንጭ ገጠር የመጣ ተማሪ ትውውቁን የሚያገኘው ከየት ነው? ከዩኒቨርሲቲው ሌላ ምን አለው? የሹም ልጅ የሙያ ማዕከል ቢዘጋ አይጎዳም፤ አጎቱ ይደውልለታል። የሚጎዳው ዘመድ የሌለው ነው። በዘመድ መቀጠር የሚያንገበግበን ከሆነ መፍትሔው ዘመድ ለሌላቸው በሥራቸው የሚታወቁበትን መንገድ መክፈት ነው። የቀድሞ ተመራቂዎች እዚህ ላይ ትልቅ ኃይል ናቸው። ዛሬ ግን ብዙ ትምህርት ክፍሎች የዛሬ አምስት ዓመት ያስመረቋቸው ተማሪዎች የት እንደሚሠሩ አያውቁም፤ የስልክ ቁጥራቸው እንኳ የለም። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቶ ተመራቂዎችንና ተማሪዎችን ማገናኘት የበጀት ዓመት የሚጠበቅለት ነገር አይደለም።

ቴሲስ ይገዛል ላሉት፣ አዎን፣ ይገዛል። «ፕሮፖዛልና ቴሲስ በጥራት እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም በግላጭ ይለጠፋል፤ ይህ አገርን የሚያዋርድ ነገር ነው፤ የሚሸጠውም የሚገዛውም መጠየቅ አለባቸው። ነገር ግን ገበያው ለምን እንደ ደራ መጠየቅም ይገባል። ተማሪው ጽሑፉን ከዲፌንስ ፈታኞቹ በቀር ማንም እንደማያነበው ያውቃል። ከዲፌንሱ በኋላ መደርደሪያ ላይ ወይም በዲጂታል ማከማቻ ውስጥ እንደሚቀር ያውቃል። ማንም ለማይፈልገው ወረቀት መድከም ሞኝነት ሆኖ ይታየዋል። ቴሲሱ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ከሆነ ግን መግዛት አያዋጣም። መረጃው ያለው እዚያው መሥሪያ ቤት ነው፤ ተማሪው በየሳምንቱ እዚያ ይታያል፤ መጨረሻ ላይ ቆሞ ሲያስረዳ የሚጠይቁት ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። የተገዛ ቴሲስ ይዞ እዚያ ፊት መቆም አይቻልም። ጸሐፊው ለዲግሪው መናቅ ማስረጃ ያደረጉት ነገር፣ በእኔ እምነት፣ ቴሲሱን ከሥራ ጋር የማገናኘትን አስፈላጊነት ነው የሚያሳየው።

«የኢንተርኔት ኮርስ ይበቃል» ላሉት ረጅም መልስ የለኝም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በፕሮግራሚንግ፣ በዳታ ሳይንስና በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታዊ ትምህርቶችን በነጻ ይሰጣል። ለተማሪዎቼ ሁሉ ግቡበት እላለሁ። ኮርሱ ግን መሣሪያውን ያስጨብጥ እንጂ በየትኛው ጥያቄ ላይ እንደሚውል አያስተምርም፤ ያን የሚያስተምረው የገዛ ሙያ ጥልቀት ነው። ሁለቱን ማጣመር ሲቻል አንዱን ለሌላው መተካት ምን ይጠቅማል?

እንዲያውም ባለፉት ዓመታት በአገራችን የተከፈቱት አዳዲስ የሙያ በሮች ጥልቀትንና የሙያ ፈቃድን አንድ ላይ የሚጠይቁ ናቸው። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጥቶ ድርጅቶች ወደ ዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ መግባት ሲጀምሩ፣ በአካውንቲንግ ማስተርስ እየተማረ ጎን ለጎን ኤሲሲኤ የተባለውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ባለሙያነት ፈተና የጀመረ ሰው ተፈላጊ ሆነ። የካፒታል ገበያ አዋጅ በ2013 ዓ.ም. ወጣ፤ አክሲዮንና ቦንድ የሚገበያይበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ በኢንቨስትመንት ማማከርና በሰነድ ማገበያየት ለመሥራት ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአገሪቱ ያልነበረ ሙያ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የደንበኛ መረጃ የሚይዙ ባንኮች፣ ቴሌኮሞች፣ ሆስፒታሎች ሕጉንም ቴክኖሎጂውንም የሚያውቅ ሰው ሊፈልጉ ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። አሁን ፋይናንስ፣ ሕግ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር የማስተርስ ተማሪ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ቴሲሱን ቢሠራ ከሌሎች ቀድሞ ይቆማል። ግን ስንቱ አማካሪ ነው እነዚህን አዋጆች አንብቦ ለተማሪው «ይህ ለአንተ ይሆናል» የሚለው? ዛሬም ድረስ «የደንበኞች እርካታ በእንትን ባንክ» የሚል ርዕስ የባንኩ ስም ብቻ እየተቀየረ ይጸድቃል። እኛ መምህራን እዚህ ላይ ተጠያቂዎች ነን፤ ተማሪው ርዕስ ሲመርጥ ያየው ከእርሱ በፊት የጸደቀውን ነው።

በመጨረሻ «የቻለ ይውጣ» ብለዋል። መውጣት የሰው ምርጫ ነው፤ አልከለክልም፤ የድጋፍ ደብዳቤም እጽፋለሁ። ግን ውጭ አገር እንደ አማራጭ ሲቀርብ የሙያ ዝግጅት የማያስፈልገው መንገድ ተደርጎ መቅረቡ አሳሳች ነው። የውጭ ስኮላርሺፕ የሚጠይቀው ምን ልሠራ እፈልጋለሁ የሚል ግልጽ ጽሑፍ፣ ሥራውን በቅርብ የሚያውቅ መምህር ምስክርነትና በተግባር የሚታይ ሥራ ነው፤ እዚህ ያልተገነባ ነገር እዚያ ከየትም አይመጣም። በሥራ የወጡትም ቢሆኑ ያው ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ሁለተኛ ዲግሪ ይዘው ታክሲና ኡበር የሚነዱ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ሥራ ክቡር ነው፤ ልጆቻቸውን አስተምረውበታል፤ እዚህ ያሉ ቤተሰቦቻቸውንም አኑረውበታል። ብዙዎቹ ግን ወደ ገዛ ሙያቸው መመለስ ይፈልጋሉ፤ የሚያስቸግራቸውም ዲግሪያቸውን ማስገመገሙና የሙያ ፈቃድ ፈተናው ብቻ ሳይሆን የሠሩትን ሥራ በሰነድ ማሳየት አለመቻላቸው ነው። የነርሲንግ ወይም የፋርማሲ ምሩቅ ቢሆን የት፣ ስንት ሰዓት፣ በማን ሥር እንደሠራ ሲጠየቅ የሚያቀርበው ማኅደር አዲስ አበባ ወይም ጎንደር እያለ መጀመር የነበረበት ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ። አዲሱ ዓመት ሲጀምር የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ሁለት ነገር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው፣ አዲስ ገቢዎች ከመመዝገባቸው በፊት ቢያንስ ከሦስት መሥሪያ ቤቶች የጥናት ጥያቄ በጽሑፍ ይሰብስቡ፤ ርዕስ ሲመረጥ ያ ዝርዝር ተማሪዎቹ ፊት ይቀመጥ። ሁለተኛው የማማከር ጫናውን የሚመለከት ነው። አንድ መምህር አቅሙ ከሚችለው በላይ ተማሪ ተመድቦለት፣ የሚከፈለውም ቴሲሱ ዲፌንድ ሲደረግ ብቻ ከሆነ፣ ስለ ተማሪው ሙያ የሚያወራበት ጊዜም ምክንያትም የለውም። በየሴሚስተሩ ከእያንዳንዱ ተማሪ ጋር ስለ ወደፊት ሥራው አንድ ሰዓት መቀመጥ በመምህሩ የሥራ ጫና ውስጥ ተቆጥሮ ይመዝገብ። ጥያቄዋን ለላከችልኝ ተማሪም «ቀጥዪ፤ ግን ሰኞ ፕሮፖዛልሽን ይዘሽ ነዪ፤ ጥያቄሽን የሚፈልገው መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነ አብረን እንፈልጋለን» ብያታለሁ።